እጅ ብቻውን አይመታም

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደው ደብረ ሲናንና አርማንያን ካለፉ በኋላ፣ ከሸዋሮቢት እስከ ሰንበቴ፣ ከአጣዬ እስከ ካራቆሬ በየፑል ቤቱ የሚሰማ አንድ ፍርድ አለ፦ «ፑል በእጅ ነው እንጂ በዱላ አይደለም።» ዱላው ነጯ ኳስ ላይ ሸተት ባለ ቁጥር ይህ ፍርድ ይወርዳል። «የዱላው ጫፍ አልቋል እኮ» የሚል ተጫዋች ሰበበኛ ይባላል፤ ይሳቅበታል፤ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ጉዳዩም በዚሁ ይዘጋል።

እኔ መዘጋት የለበትም እላለሁ። ይህ አባባል ከጨዋታው አሠራር ጋር የማይገጥም፣ የቤቱን ባለቤት ቸልተኝነት የሚሸፍን፣ ጀማሪውን የሚበድል አባባል ነው። የፑል ዱላ ጫፍ ያልቃል፤ ሲያልቅ መቀየር አለበት፤ የመቀየሩ ግዴታም የሚወድቀው የጨዋታውን ገንዘብ በሚቀበለው ሰው ላይ ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር። ሸዋሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የተቀመጠች፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,280 ሜትር ዝቅ ያለች ቆላ ናት። ቀን ሙቀቱ ሰውን ወደ ጥላ ይነዳል፤ ከተማዋ የምትነቃው ሲመሽ ነው። ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ የሚወጣው የጭነት መኪና ሾፌር ከነረዳቱ ለማደር ይቆማል። በሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ማንጎ ማሳ ላይ የዋለው የቀወት ወረዳ ወጣት እጁን ታጥቦ ወደ ከተማ ይገባል። የሰንበቴ ገበያ ውሎ የተመለሰውም አለ። እነዚህ ሁሉ ፑል ቤት ይገናኛሉ፤ የቤቱም ሕግ ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ የተሸነፈ የጨዋታውን ይከፍላል።

እንግዲህ በአንድ ቤት አራት ዱላ ቢኖር ደህና ጫፍ ያለው ብዙ ጊዜ አንዱ ነው። የቤቱ ደንበኛ ያንን ዱላ ለይቶ ያውቀዋል፤ ከግድግዳው ሲያነሳ ዓይኑን እንኳ አያማትርም። እንግዳው ሾፌር ወይም ከገጠር የመጣው ልጅ የተረፈውን ያነሳል። ጫፉ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ወይም በአንድ ጎን ተበልቶ በሌላው ጎን እንደ እንጉዳይ ተንጠልጥሏል፤ ወይም ጫፉ ላይ የሚለጠፈው ቆዳ ጨርሶ የለም፤ የቀረው ከቆዳው ሥር የሚሆነው የነጩ ቆብ ባዶ ጠርዝ ነው። ማን ሒሳቡን እንደሚከፍል ኳሱ ሳይደረደር ታውቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «ፑል በእጅ ነው» ማለት የተዛባ ሚዛን ላይ አስቀምጦ «ክብደትህ ጎደለ» እንደ ማለት ያህል ግፍ ነው።

አባባሉን የሚያራምዱት ሰዎች ጨዋታውን አያውቁም አልልም። ብዙዎቹ እኔን አስቀምጠው የሚያሸንፉ ናቸው። ነገር ግን የሚያውቁት እጃቸው የሚያደርገውን እንጂ በዱላውና በኳሱ መካከል የሚሆነውን አይደለም፤ ክርክሩ ደግሞ ያለው እዚያ ነው።

ዱላው ኳሱን ሲመታ ሁለቱ የሚነካኩት ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የሚነካኩበትም ስፋት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። የክንድ ጉልበት፣ የዓይን ልክ፣ የዓመታት ልምምድ፣ ሁሉም በዚያች ቅጽበት በዚያች ነጥብ ማለፍ አለበት። ኳሱ ልሙጥ ነው፤ ዱላው ኳሱን የሚጨብጥበት ነገር ከሌለው ይንሸራተታል። ቆዳው የተቀመጠው ለዚህ ነው። ቆዳ በመጠኑ ይሰምጣል፤ ሻካራ ገጹ ጫፉ ላይ የሚቀባውን የጠመኔ ዱቄት ይይዛል፤ ዱቄቱ ኳሱን ይይዛል። የሸዋሮቢት ሾፌሮች ይህን ከማንም በላይ ሊረዱት ይገባ ነበር። ራሱን የሚያከብር ሾፌር ጣርማ በርን በራሰ በራ ጎማ ጭነት ይዞ አይወርድም፤ ሞተሩ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው፣ እሱም መንገዱን በጨለማ የሚያውቀው ቢሆን፣ መኪናው አስፋልቱን የሚጨብጠው በጎማው ብቻ መሆኑን ያውቃል። ያው ሰው ማታ በራሰ በራ ዱላ ተሸንፎ ሲከፍል ዝም ማለቱ ያሳዝነኛል።

ይህ የእኔ ግምት አይደለም፤ የጨዋታው ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ቆዳ ከመምጣቱ በፊት የቢሊያርድ ዱላ ጫፉ ባዶ እንጨት ነበር። ተጫዋቾች ኳሱን ከመሐሉ ብዙም ሳይርቁ ከመምታት በቀር ምርጫ አልነበራቸውም፤ ወደ ጎን ከወጡ ይንሸራተታል። የቆዳውን ጫፍ ያመጣው ፍራንስዋ ሚንጎ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንን ነው፤ ዘመኑም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1807 ገደማ ነው። ሥራውን የሠራው ፓሪስ ውስጥ እስር ቤት ሳለ መሆኑ ይነገራል። ሸዋሮቢትን አገሩ ሁሉ ከሚያውቅባቸው ነገሮች አንዱ ማረሚያ ቤቷ ስለሆነ፣ ይህን ታሪክ የከተማዋ ተጫዋቾች ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ሚንጎ ከወጣ በኋላ በቆዳው ጫፍ ያሳየው ነገር ሰዎችን አስደነቀ፤ ነጯ ኳስ ሌላውን መትታ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ የጠረጴዛውን ግድግዳ ነክታ ባልተጠበቀ ማዕዘን ትታጠፋለች። የሰውየው እጅ ከቀደሙት ተጫዋቾች እጅ የተለየ ፍጥረት አልነበረም። የተለየው የዱላው ጫፍ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ፈረንሳዊ፣ ጋስፓር ጉስታቭ ኮሪዮሊስ፣ ነገሩን ወደ ሒሳብ ወሰደው። ስለ ምድር መዞር በሚነሣው ሕግ ስሙን ተማሪዎቻችን የሚያውቁት ያው ሰው ነው። በ1835 ስለ ቢሊያርድ ኳስ እንቅስቃሴ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። ጨዋታውን ከጊዜ ማሳለፊያ በታች አድርገው የሚያዩ ሰዎች ይህን ልብ ቢሉት መልካም ነው።

ዛሬ የሚታወቀውን ልኬት ልጨምር። የተለመደው የፑል ኳስ ስፋቱ 57 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ደህና ቆዳ ያለው፣ በአግባቡ ጠመኔ የተቀባ ዱላ ከኳሱ መሐል 14 ሚሊ ሜትር ያህል ወጥቶ ቢመታ እንኳ አይንሸራተትም፤ ይህም ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ካለው ርቀት ግማሽ ነው። ፋልሶ የሚሠራው፣ ኳስ የሚመለሰው፣ ነጯ ለቀጣዩ ምት ደህና ቦታ የምትቆመው በዚህ ክልል ውስጥ ነው። ቆዳው ከደረቀና ካብረቀረቀ ክልሉ ይጠባል፤ ቆዳው ጨርሶ ካለቀ ከሚንጎ በፊት ወደነበረው ዘመን እንመለሳለን። በእንዲህ ያለ ዱላ የሚጫወት ሰው እጁ ምንም ያህል ቢሠለጥን ከጨዋታው ገሚሱ ተቆርጦበታል።

አሁን የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ መከራከሪያ ላንሳ፤ ደካማውን እየመረጡ መምታት ክርክር አይደለም። «እገሌ በማንኛውም ዱላ ያሸንፋል፤ በመጥረጊያ እንጨት ቢሰጡትም ያሸንፋል» ይላሉ። እውነት ነው፤ እንደዚህ ያለ ሰው አለ። ግን እንዴት እንደሚያሸንፍ አስተውላችሁ እዩት። በመጥፎ ዱላ ሲጫወት ነጯን መሐል ለመሐል ብቻ ይመታል፤ ረጅሙን ምት ይተዋል፤ ፋልሶ አይሞክርም፤ ቀስ ብሎ አስቀምጦ ባላጋራው እስኪሳሳት ይጠብቃል። ዱላው እንደማይረዳው ስለሚያውቅ ጨዋታውን አሳንሶ ይጫወታል። የእሱ ብልሃት የዱላውን ጉድለት እየዞረ ማለፍ ነው፤ ጉድለቱ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ደግሞም ምርጫ ቢሰጠው የትኛውን ዱላ ያነሳል? ያንን ጥያቄ በየትኛውም ቤት ጠይቁ፤ መልሱ ያው ነው። «ዱላ ምንም አይደለም» የሚለው ሰው ራሱ ምርጡን ዱላ ይዞ ነው የሚናገረው።

የሚያስቆጨኝ ግን ጀማሪው ነው። አንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሱን ወደ ኋላ ለመመለስ ይሞክራል። ዝቅ አድርጎ ይመታል፤ አመታቱ ትክክል ነው፤ ዱላው ግን ይንሸራተትና ነጯ ዘላ ከጠረጴዛው ትወርዳለች። ሁሉም ይስቃል። ልጁ ከዚህ ምን ተማረ? ትክክለኛውን ነገር ስላደረገ ተቀጣ። ከዚያ ወዲያ ዝቅ አድርጎ አይመታም። ክርኑን ማጠንከር፣ በፍርሃት መግፋት፣ መሐሉን ብቻ መደብደብ ይለምዳል። ከዓመት በኋላ «ይሄ ልጅ እጅ የለውም» ይባላል። እጁ እኮ ነበረው፤ ያበላሸው ሳንቲሞች የሚያወጣ ቁራጭ ቆዳ ነው።

ጨርቁንም አስቡት። በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ «ጨርቅ የቀደደ ይከፍላል» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ቆዳው አልቆ የነጩ ቆብ ሹል ጠርዝ የወጣበት ዱላ ሲንሸራተት ወርዶ የሚያርፈው ጨርቁ ላይ ነው። ባለቤቱ ያልቀየረው ጫፍ ጨርቁን ይቀድዳል፤ ዋጋውን ተጫዋቹ ይከፍላል፤ ወይም ተጫዋቹ ሾልኮ ይጠፋና ባለቤቱ ራሱ ይከስራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ቁጠባ ነው።

ከመጀመሪያው አባባል ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላም አለ፤ ይህኛው የባለቤቶቹ ነው። «ጫፉ ካለቀ አለቀ፤ ሌላ ዱላ ይገዛል» ይላሉ። ስለዚህ እስኪገዛ ድረስ አሮጌው ያገለግላል፤ እስኪገዛ ድረስ የሚባለው ጊዜም ዓመት ይሞላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከመቶ በላይ ወጥቷል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተሰቅሏል፤ የፑል ዱላም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ደህና እንጨት በአምስት ሚሊ ሜትር ቆዳ ምክንያት መጣል ምን ይባላል? ደግሞም አዲስ ተብለው የሚመጡት ርካሽ ዱላዎች ብዙዎቹ ጫፋቸው በብሎን የሚገባ፣ ሥሩ ፕላስቲክ የሆነ ነው። በጥቂት ሳምንት ይላላል፤ በተመታ ቁጥር ይንቀጫቀጫል። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይሄ ነው። በጥሩ ሁኔታ ቆዳ የተለጠፈበት አሮጌ ዱላ ከእንዲህ ያለው አዲስ ይበልጣል።

«እዚህ ቆላ ማን ይቀይረዋል? አዲስ አበባ መላክ አለበት» የሚለውንም አልቀበልም። ሥራው ቶርኖ አይጠይቅም። ምላጭ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ቱቦ ሱፐር ግሉና ትዕግሥት ያለው ሰው ይበቃል፤ ሁሉም ሸዋሮቢት አሉ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አሮጌው ጫፍ በምላጭ ይነሣል። ከሥሩ ያለው ነጭ ቆብ ላይ የደረቀው ማጣበቂያ እስከ መጨረሻው ተፍቆ መጥፋት አለበት፤ አዲስ ጫፍ በሳምንቱ የሚወድቀው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ አሮጌ ማጣበቂያ ላይ ስለሚለጠፍ። ከዚያ የቆቡ ገጽ ዝርግ መሆኑ ይታያል። ብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ቁራጭ ላይ ተነጥፎ፣ ዱላው ቀጥ ብሎ ተይዞ በቀስታ ይዞራል። እዚህ ላይ መቸኮል ጠርዙን ያጎብጠዋል፤ ጠርዙ የጎበጠ ቆብ ቆዳውን የሚይዘው መሐሉ ላይ ብቻ ነው። የአዲሱ ቆዳ ሥርም እንዲሁ ይሻከራል፤ ማጣበቂያ ልሙጥ ነገር አይወድም። በእጅ ላብና በቅባት ሳይነካ አንዲት ጠብታ ይደረግበትና መሐል ለመሐል ተቀምጦ ይጫናል።

ቆዳው ከቆቡ ትንሽ ሰፋ ብሎ መመረጥ አለበት፤ የፑል ዱላ ጫፍ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ነው። ከደረቀ በኋላ ዱላው ተዘቅዝቆ በጣውላ ላይ ይቆምና የተረፈው ቆዳ በምላጭ ከላይ ወደ ታች ዙሪያውን ይከረከማል። ነጩ ቆብ እንዳይቧጠጥ ቀድሞ በፕላስተር መጠቅለል ይገባል። ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፤ የቆዳው ጎን በውሃ ረጠብ ተደርጎ በወፍራም ወረቀት ወይም በቆዳ ቁራጭ እስኪሞቅ ድረስ ይታሻል። ይህ ጎኑን ያጠነክረዋል፤ ያልታሸ ጫፍ በጥቂት ቀን ተደፍጥጦ ወደ ውጭ ይንጠለጠላል። በመጨረሻ አናቱ ክብ ይደረጋል። በአሜሪካ ተጫዋቾች ልኩን የሚያዩት የኒኬል ሳንቲም ጠርዝ አስጠግተው ነው፤ የእኛ 25 ሳንቲም በስፋቱ ከዚያ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ለዚሁ ያገለግላል። ሳንቲሙን ከጫፉ ጎን አቁሙት፤ ሁለቱ ጉብታዎች ከተመሳሰሉ ሥራው አልቋል።

ስለ ማጣበቂያው ግን ሳልናገር አላልፍም። እኛ ዘንድ የተላቀቀ ነገር ሁሉ ማስቲሽ ይቀባል። ጫማ ሰፊዎቻችን በማስቲሽ የሚሠሩት ሥራ የሚመሰገን ነው፤ ጫማ መታጠፍ ስላለበት ደርቆም እንደ ጎማ የሚለጠጥ ማጣበቂያ ይስማማዋል። የዱላ ጫፍ ግን መታጠፍም መለጠጥም የለበትም። ማስቲሽ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ በዚህ በእኛ በይፋት ቆላ ሙቀት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የዋለ ዱላ ጫፉ ማታ ሲመታ በጎን በኩል ቀስ በቀስ ይሳባል። ከቀናት በኋላ ቆዳው ከቆቡ አንድ ጎን ወጥቶ ይታያል። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ የሚያገለግል ነገር እዚህ ላያገለግል ይችላል። የሱፐር ግሉም ቱቦ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል፤ ወፍሮ ሲወጣ ካያችሁት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከካላማዳሪ ጎማ ክብ ቆርጦ መለጠፍም አለ። ጎማ ኳሱን ይይዛል፤ ነገር ግን ጉልበቱን ይውጠዋል፤ ምቱም ይዘገያል። ከሁሉ የከፋው ጫፉን በሚስማር መምታት ነው። ቆዳው ሲሳሳ የሚስማሩ ራስ ይወጣና ኳሱን ይቧጭራል፤ እንጨቱም ከሥሩ ይሰነጠቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ቢባል ኖሮ ዱላው ይተርፍ ነበር።

ጠመኔ ሁሉን ይፈታል የሚሉም አሉ። አይፈታም። ለዱላ የሚሆነው ጠመኔ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 ሁለት አሜሪካውያን፣ ዊሊያም ስፒንክስና ዊሊያም ሆስኪንስ፣ የፈጠራ መብት ያስመዘገቡበት ዓይነት ነው፤ የአሸዋ ዘር የሆነ ሲሊካና የሚሞርድ ዱቄት አለበት፤ የሚይዘውም በዚያ ነው። የትምህርት ቤት ጠመኔ ይህ የለውም፤ ይልቁንም ያለሰልሳል። እውነተኛውም ቢሆን በሚያብረቀርቅ ደረቅ ቆዳ ላይ አይቀመጥም፤ በመጀመሪያው ምት ይረግፋል።

ቆዳው ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ነው አባባሉ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ። በአፍሪካ በከብት ብዛት የመጀመሪያዋ አገር ውስጥ፣ ደብረ ብርሃንና ኮምቦልቻ ላይ ቆዳ ፋብሪካ ባለበት መንገድ መካከል ተቀምጠን፣ ጥፍር የምታህል ቆዳ አጣን እንላለን። ከይፋት ብዙም የማይርቀው ባቲ ለፍየል ቆዳ ንግድ ስሙን የሰጠ ቦታ ነው፤ የባቲ ፍየል ቆዳ በውፍረቱና በተለማጭነቱ በውጭ ገበያ ተለይቶ ይታወቃል። ዓለም ላይ ዛሬ በውድ የሚሸጡት የዱላ ጫፎች፣ እንደ ካሙይና ሞሪ ያሉት የጃፓን ምርቶች፣ ስስ ቆዳ በብዙ ንብርብር ተጣብቆ የሚሠሩ ናቸው። ቆዳቸውም የአሳማ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይነካበት በይፋት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛን የፍየል ቆዳ ንብርብር አድርጎ መጫን ለቆዳ ባለሙያዎቻችን ከአቅም በላይ ነው ብዬ አላምንም።

እስከዚያው ድረስ የጫማ ሶል የሚሆነው ወፍራም የበሬ ቆዳ አለ። ለስላሳ ከሆነ በሞርሳ ተጠምዶ ቢያድር ይጠነክራል። በነገራችን ላይ በውጭ አገር አንዳንድ ተጫዋቾች ለስላሳውን ጫፍ ወተት ውስጥ ነክረው ካሳደሩ በኋላ በሞርሳ ይጫኑታል፤ ሲደርቅ ቶሎ የማይደፈጠጥ ጫፍ ይሆናል። ወተትም ሞርሳም ሸዋሮቢት ሞልቷል። የጎደለው ነገሩ ዋጋ እንዳለው ማመን ነው።

ይህ አለማመን ደግሞ ሥር አለው። ፑል ቤት በከተማ አስተዳደሮች ዘንድ ከሺሻና ከጫት ቤት ጋር በአንድ መስመር የሚጻፍ፣ ዘመቻ ሲመጣ የሚታሸግ ቦታ ነው። በትምህርት ሰዓት ተማሪ ማስገባት ስሕተት ነው፤ ወላጆች ቢጮሁ እውነት አላቸው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን «የሥራ ፈቶች ቦታ ነው» ተብሎ ከተፈረደ በኋላ ባለቤቱም ለቦታው ክብር አይሰጥም፤ ዱላው፣ ጨርቁ፣ ኳሱ እስኪሞት ይሠራበታል። አንድ ወጣት አሮጌ ዱላ ይዞ ቆዳውን ሲከረክም፣ ቆቡን ሲያስተካክል፣ ጠርዙን ሲያሽ የሚያጠፋው ሰዓት የሥራ ፈት ሰዓት አይደለም። የእጅ ሥራ ነው፤ ገንዘብም ያመጣል። ከደብረ ሲና እስከ ካራቆሬ ያሉት ቤቶች ጫፋቸውን በየጊዜው ቢያስቀይሩ በዚህ ሥራ ኑሮውን የሚደጉም ሰው ይኖራል። ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ አለን፤ ጫማ የሚሰፋ አለን፤ የዱላ ጫፍ የሚቀይር ሰው የሌለን ማንም ስለማይጠይቅ ነው።

ስለዚህ የሸዋሮቢት፣ የሰንበቴና የአጣዬ ፑል ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ዱላዎቻችሁን ሁሉ ከግድግዳ አውርዱና ጫፋቸውን በአውራ ጣታችሁ ዳስሱ። የሚያብረቀርቀውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት። የቀረው ቆዳ ከአንድ ብር ሳንቲም ውፍረት ያነሰውን ለይታችሁ ቀይሩት። እስኪቀየር ድረስ ከግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ ለማንም አይሰጥ። ተጫዋቾችም፣ ነጯን ከመምታታችሁ በፊት የዱላውን ጫፍ ተመልከቱ። ቆዳ የሌለበት ከሆነ መልሱና ሌላ ጠይቁ፤ ሌላ ከሌለ አትጫወቱ፤ ለዚያ ጨዋታም አትክፈሉ።